ጽዋው ጋይንቴዋ ቤት የደረሰበት ወር

በሳምንት ሦስት ቀን ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥቼ አሌክሳንድሪያ እሄዳለሁ። ቀዩን ባቡር ይዤ መሀል ዋሽንግተን ላይ ወደ ቢጫው እቀይራለሁ፤ ከጣቢያው በኋላ ያለው የእግር መንገድ ነው። ጉልበቴ ከዓመት ዓመት እየባሰበት ስለ መጣ ውድብሪጅ ያለችው ልጄ «እማዬ፣ ሪታየር አድርጊ እንጂ» ትለኛለች። ሥራው ግን ያን ያህል አይከብድም። በዕድሜ ከእኔም በጣም የገፉ አንዲት አሜሪካዊት አሉ። ቁርሳቸውን አቀርባለሁ፣ መድኃኒታቸውን አስታውሳለሁ፣ ገላቸውን ሲታጠቡ እደግፋቸዋለሁ። ከሰዓት በኋላ አብረን እንቀመጣለን። መቀመጡም ከሥራው ይቆጠራል።

የመጀመሪያው ቀን የሄድኩት በጎን በኩል ወዳለው የወጥ ቤት በር ነበር፤ የቀጠሩኝ ሰዎች እንደዚያ ስለ ነገሩኝ። ሴትዮዋ በመስኮት አዩኝና ዞረሽ ነይ ብለው በእጃቸው ጠቆሙኝ። ዞርኩ። በዱላቸው እየተደገፉ መጥተው የፊቱን በር ራሳቸው ከፈቱልኝ።

«እዚህ ቤት ሰው የሚገባው በዚህ ነው» አሉኝ።

የእርጅና ግትርነት መሰለኝ። ዝናብ ሲዘንብ የጎኑ በር ለመንገዱ ይቀርባል። ቢሆንም እየዞርኩ መግባት ለመድኩ።

ከሥራው ሌላ ያለኝ ማኅበር ነው። አሥራ ሁለት ሴቶች ነን። ማርያምን እንዘክራለን፤ እዚህ ሀገር ሁሉም ሠራተኛ ስለ ሆነ ቀኑን ጠብቀን ሳይሆን አጠገቡ ባለው እሁድ እንሰበሰባለን። ጽዋው በየወሩ ከቤት ቤት ይዞራል። ደንባችን ቀላል ነው፤ ጽዋው አንድ ቤት ሁለት ወር አይቀመጥም፣ ተረኛዋ ስትቀር ሌላዋ ታነሣላታለች፣ ከመካከላችን አንዷ ስትሞት የቀሩት ይቀብሯታል። የመጨረሻውን ደንብ ማንም ጮክ ብሎ አይናገረውም፤ ማኅበሩን የገባነው ግን ግማሻችን ለእሱ ስንል ነው።

ከአሥራ ሁለቱ ውስጥ አንዷ በእኔው ሕንፃ ከእኔ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብላ ትኖራለች። ከጋይንት በሱዳን በኩል በስደት የመጣች ናት። ባል የላት፣ ልጅ የላት። ማታ ማታ ቢሮ ታጸዳለች። ጋይንቴዋ እንላታለን፤ እሷም በዚሁ ስም ትጠራለች። ፊደል አልቆጠረችም። ስልኳን ግን ከእኔ የተሻለ ታውቅበታለች፤ መልእክቷ ሁሉ በድምፅ ነው። ድምፅዋም ወንዝ ማዶ ያለ ሰው እንደሚጠራ ሰው ድምፅ ነው፤ አሳንሰር ውስጥ ሆና ስትቀዳ በየፎቁ ይሰማል።

ባለፈው ፍልሰታ አንድ ነገር አሰበች። ወንድሟ ሀገር ቤት ገዳም ገብቷል። የእያንዳንዳችንን የክርስትና ስም ልላክለትና በጸሎት ያንሣን አለች። ሁላችንም ደስ አለን። መጻፍ ስለማትችል ስልኳን እየያዘች በየተራ አፋችን ላይ ደገነችው።

«ንገሩት፤ በራሳችሁ አፍ ይስማችሁ» አለች። «ቤታችሁ ያለውንም ሰው ሁሉ ንገሩት።»

ከመካከላችን ፀጉር ቤት ያላት አንዲት ተጫዋች አለች። ተራዋ ሲደርስ «የባሌን አልናገርም» አለች። «ሳይጸለይለትም እንዲህ ወፍሯል፤ ከተጸለየለት በበር አይገባም።»

ቀጥሎ የተናገረችው ካፊቴሪያ ውስጥ የምትሠራ ዝምተኛ ሴት ነበረች። የራሷን ተናገረች፣ የልጆቿን ተናገረች። ከዚያ ስልኩን ወደ አፏ ጠጋ አደረገችና «የእኅቴም ልጅ አለ፤ እኔው ጋ ነው ያለው። ለእሱ አብዝተው ይጸልዩለት፤ ወረቀቱ ገና ነው» አለች።

ጋይንቴዋ «አሜን» አለችና ቀጥላ ወደ እኔ ዞረች። እኔም ስሜን ሰጠሁ።

ልጁ የተያዘው መስከረም ሲያልቅ ነው። ልጅ እላለሁ እንጂ ሃያ ስድስት ዓመት ሞልቶታል፤ በመኪና ምግብ ያደርሳል። ጠዋት በሕንፃቸው ፓርኪንግ ውስጥ መኪናውን እያሞቀ ሳለ ፊታቸውን የሸፈኑ የኢሚግሬሽን ሰዎች መጥተው ወሰዱት። አክስቱ ከመስኮት አየች። ሞተሩ እየሠራ ነበርና ወርዳ ያጠፋችው እሷ ናት።

ከዚያ ወዲህ ሰፈራችን ሌላ ሆነ። ከሠላሳ ዓመት በላይ የተቀመጡ፣ ዜግነት ያላቸው ሰዎች እንጀራ ሊገዙ ሲወጡ ፓስፖርት ይዘው ይወጡ ጀመር። እኔም የእኔን በላስቲክ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ። ስልካችን ቀኑን ሙሉ ይጮሃል። ግሪንቤልት ታይተዋል ይላል አንዱ። ሌላው ጥቁር ጥቁር መኪኖች ሐበሻ ሱቁ በር ላይ ቆመዋል ይላል። የዚያን ቀን ሰው ሁሉ ቤቱን ዘግቶ ዋለ። በኋላ ሲጣራ የሠርግ መኪኖች ነበሩ፤ ሙሽራው ሚዜዎቹን ይዞ ውኃ ሊገዛ ገብቶ ነው። ማንም አልሳቀም።

የጥቅምቱ ማኅበር በሰብሳቢያችን ቤት ዋለ። ጋይንቴዋ የቀን ሥራ ደርቦባት ቀረች። ቄሱ ባርከው ከወጡ በኋላ ሴቶቹ አልተነሡም።

«የሚያውቁት እኮ ይመስሉ ነበር» አለች የልጁ አክስት። «መኪናውን ያውቃሉ፣ ሰዓቱን ያውቃሉ። ሰው ሳይነግራቸው ነው?»

በየተራ አየችን።

«ስልኳን አፌ ላይ ደግና ንገሪኝ ያለችኝ ማን ናት?»

«ኧረ ተይ» አለች ባለፀጉር ቤቷ። «የክርስትና ስም ይዞ ሰው የሚፈልግ ፖሊስ የት አለ? ወለተ ማርያም ብሎ ቢጣራ የሲልቨር ስፕሪንግ ሴት ግማሿ አቤት ትላለች።»

ሁለት ሦስታችን ሳቅን።

«ሳቁ» አለች አክስቲቱ። «እናንተ ስም ብቻ ነው የሰጣችሁት። እኔ ግን እኔው ጋ ነው ብያለሁ። ወረቀቱ ገና ነው ብያለሁ። በገዛ አፌ ተቀድቷል።»

ሳቁ ቆመ።

«የምትሠራው መንግሥት ሕንፃ ውስጥ አይደል እንዴ?» አለች ሰብሳቢያችን።

«ልትጠርግ እኮ ነው፣ እትዬ!» አለች ባለፀጉር ቤቷ።

«ይሁና። ሕንፃው ግን የመንግሥት ነው። ደግሞ በመጣች በስንት ጊዜዋ ነው እዚያ የገባችው?»

ማንም ጋይንቴዋ ትውጣ አላለም። ለጊዜው እንጠንቀቅ ነው የተባለው። ጠንቃቃ ሰው ክፉ አይባልም። የሚቀጥለው ወር ተረኛ ጋይንቴዋ ነበረች። ስለዚህ ሰብሳቢያችን ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ሸፍና ለእኔ ሰጠችኝ፤ «ጎረቤትሽ ናት፤ አድርሺላት» አለች። ዐይኔን ግን አላየችኝም። ደረጃው ላይ እንደ ደረስኩ አንዷ ከኋላዬ ቀስ ብላ «እንግዲህ እሷ ቤት ማን ይሄዳል?» ስትል ሰማሁ።

ጽዋውን ሳደርስላት ጋይንቴዋ በሁለት እጇ ተቀበለችኝና ሳመችው። ማኅበር ከገባች ተራ ሲደርሳት የመጀመሪያዋ ነበር።

በዚያው ሳምንት አሌክሳንድሪያ እንደ ልማዳችን ከሰዓት በኋላ ተቀምጠናል። ቴሌቪዥኑ ሰዎች ከአንድ ሕንፃ እየታሰሩ ሲወጡ ያሳያል። ሴትዮዋ ዝጊው አሉኝ፤ ዘጋሁት።

«እናንተ ሰፈርስ?» አሉኝ።

ስለ ልጁ ነገርኳቸው። ሰው ጠቁሞ ነው እንደሚባልም ነገርኳቸው።

«ማን ነው ይላሉ?»

«ከመካከላችን አንዷ ናት ይላሉ።»

«አዎ» አሉ፤ ብርድ ልብሱን ጉልበታቸው ላይ እያስተካከሉ። «ሁልጊዜ ከመካከል ነው የሚባለው።»

ከዚያ የነገሩኝን እንደ ሰማሁት እጽፈዋለሁ። በዚያው ቤት ነው ያደጉት። አባታቸው ከወንዙ ማዶ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ካርታ ይስሉ ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አልቆ ሀገሩ የሚያርፍበት ጊዜ መሆን ሲገባው፣ ሰው ኮሚኒስት መፍራት ጀመረ። ጠላት ከውጭ ሳይሆን ከውስጥ ነው ያለው ይባላል። በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየትምህርት ቤቱ ተሰግስጓል ይባላል። ማንም አይቶት ስለማያውቅ ማንም ሊሆን ይችል ነበር። የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ታማኝነቱ ይመረመራል፤ አባታቸውም አንድ ቀን ተጠሩ።

«ምን አድርገው?» አልኩ።

«እኔም እናቴን ይህንኑ ነበር የጠየቅኳት።»

መርማሪዎቹ ምን ዓይነት ሙዚቃ ትሰማለህ አሏቸው። ሚስትህ በጦርነቱ ጊዜ ለማን ልብስ ለገሰች አሏቸው። በመጨረሻ፣ ጥቁር ባልና ሚስት እራት ጋብዘህ ታውቃለህ ወይ አሉ። አባትየው አዎ አሉ፤ ባልየው የሥራ ባልደረባዬ ናቸው አሉ። በየትኛው በር ነው የገቡት? በፊት በር። መርማሪው ይህን ጻፈ። ያን ጊዜ በዚያ ከተማ ጥቁር ሰው ነጭ ቤት የሚገባው በጓሮ ነበር። በፊት በር ያስገባ ሰው ሌላም የሚደብቀው አለ ተባለ።

«እራት የመጡት በጨለማ ነው» አሉኝ ሴትዮዋ። «በየትኛው በር እንደ ገቡ ሊያውቅ የሚችለው ጎረቤት ብቻ ነው።»

አባታቸው ምስክር አመጡ። ከቤተ ክርስቲያን፣ ከአለቃቸው፣ አብሯቸው ከዘመተ ሰው። አንዱን ሲያቀርቡ ሌላ ይጠየቃሉ። ጥፋተኛ ነህ ያላቸው አልነበረም፤ ነፃ ነህ ያላቸውም አልነበረም። ሲደክማቸው ሥራውን በገዛ እጃቸው ለቀቁና እስኪሞቱ ድረስ ቀለም መሸጫ ሱቅ ውስጥ ሠሩ።

እናታቸው በየማክሰኞው ከሦስት ጎረቤቶች ጋር ካርታ ይጫወቱ ነበር። ነገሩ እንደ ተሰማ ሦስቱም ቀሩ። አንዷን ራሷን አሟት ነበር፣ ሌላዋ እንግዳ መጥቶባት ነበር። እናትየው ግን ማክሰኞ ማክሰኞ ተጣጣፊውን ጠረጴዛ ይዘረጋሉ፣ አራት ወንበር ያቀርባሉ፣ ካርታውን መሀል ላይ ያስቀምጣሉ። ሴትዮዋ ያኔ ልጅ ናቸውና ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ጠረጴዛው ይታጠፋል። የበረዶውን ወራት በሙሉ እንዲህ ሆነ።

«ለምን ትዘረጊያለሽ ብዬ ጠየቅኳት» አሉ። «ቢመጡና ጠረጴዛ ባይኖር ያቋረጥኩት እኔ እሆናለሁ አለችኝ።»

«ማንም አልመጣም?»

«አንዷ መጣች። የተዋሰችውን የኬክ ሳህን ልትመልስ። በቀን፣ በፊት በር፣ ሰው ሁሉ እያያት። አልተቀመጠችም፤ ግን መጣች።»

ጥሩ ሰው ነበረች ማለት ነው አልኳቸው።

«እናቴ ግን፣ የጠቆመችን እሷ ናት እያለች ሞተች። ለምን መጣች፣ ልታየን አይደለም ወይ ትል ነበር። እኔ አላውቅም። ሰማንያ አራት ዓመቴ ነው፤ አሁንም አላውቅም።»

ወደ ቤት ስመለስ ባቡሩ ውስጥ ይህ ነገር አልለቀቀኝም። የእኛንም ዘመን አስታወሰኝ። ስለዚያ ዘመን ብዙ አልጽፍም፤ የጻፉት ይበቃሉ። አንድ ነገር ብቻ ልበል። አሥረኛ ክፍል ሳለሁ አንዲት ጎረቤታችን ቀበሌ ተጠርታ ተጠየቀችና ተመለሰች። ከዚያ በኋላ የሰፈሩ ሴቶች ከእሷ ዕቃ መዋስ አቆሙ። የተጣላት አልነበረም፤ ሰላምታም አልተከለከለችም። የእናቴ ወንፊት እሷ ቤት ነበር። እናቴ ሌላ ወንፊት ገዛች።

አሜሪካ ስመጣ እንዲህ ያለ ነገር በእኛ ብቻ የደረሰ ይመስለኝ ነበር። እነሱ ሕግ አላቸው፣ እኛ አልነበረንም ብዬ። ለካስ ሕጉ እያለም ጠረጴዛ ባዶውን ይዘረጋል። ይህን ማወቅ አላስደነቀኝም። ደከመኝ እንጂ።

እሁዱ ሲቃረብ ስልኮች መደወል ጀመሩ። አንዷ ሥራ ገባች። አንዷን ወገቧን አሟት። አንዷ ልጇን ኮሌጅ ልታደርስ ነው፤ ልጇ ከሁለት ዓመት በፊት ተመርቋል። ልጄም ከውድብሪጅ ደወለች። «እማዬ፣ ፕሊስ፣ እዚህ ነገር ውስጥ ኢንቮልቭ አትሁኚ። ዩ ዶንት ኖው ኸር» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ሙሉ በሙሉ አላውቃትም። ማንን ሙሉ በሙሉ አውቃለሁ?

ዓርብ ጋይንቴዋ እኔ ቤት መጣች። በሩ ላይ ጫማዋን አወለቀች፤ ተይው ብላት እምቢ አለች። ስትቀመጥ ያ ሁሉ ድምፅ የለም።

«እትዬ፣ አንቱ አይዋሹኝም። ምን አጠፋሁ?»

ነገርኳት። ቆርጬ፣ አንድም ነገር ሳልሸሽግ። ሰምታ ስትጨርስ ስልኳን ከጉያዋ አወጣች።

«ወንድሜን ልደውልለት? ድምፁን ይስሙት። ሁሉም ይስሙት። ገዳሙንም፣ አበምኔቱንም...»

«አታድርጊው» አልኳት። «ይህን ስትሰጫቸው ሌላ ይሉሻል። ደግሞ መልካም ስም በስልክ አይመለስም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ለስንት ሰው ነው የምታሰናጂው?»

«ለአሥራ ሁለት ነዋ!» አለች። ጥያቄዬ ገረማት። «ጠላውን ከጠመቅኩት ቆየ።»

«እንግዲያው ለአሥራ ሁለት አሰናጂ።»

ጫማዋን እያደረገች ጎንበስ እንዳለች ተናገረች። «ሀገሬ ላይ ብሞት ጋይንት በሙሉ ይወጣልኝ ነበር። እዚህ ያሉኝ እነሱ ናቸው። ከእነሱ ከወጣሁ ሬሳዬን የሚያነሣ የለኝም፣ እትዬ።»

እስከ አሳንሰሩ ሸኘኋት።

እሁድ ቀደም ብዬ ወረድኩ። ቤቷ ጠባብ ነው፤ አልጋውን አጥፋ ግድግዳ ላይ አቁማዋለች። ወንበሮቹን ከየት እንዳመጣቻቸው አላውቅም፤ ሁለቱ ቢሮ የሚቀመጡ ባለ ጎማ ናቸው። አሥራ ሁለት ሳህን ተደርድሯል፤ የቄሱ ለብቻው ነው። ድፎው ትልቅ ነው። እሷ ነጠላዋን አጣፍታ በሩ አጠገብ ቆማለች፤ አሳንሰሩ በተከፈተ ቁጥር ጆሮዋን ታቀናለች። አሳንሰሩ ይከፈታል፣ እግር ይሰማል፣ እግሩ ወደ ሌላ ቤት ይሄዳል።

ቄሱ መጡ። ሌላ ቦታ ክርስትና ውለው ስለ ነበር ደክሟቸዋል። ሁለት መሆናችንን አዩ፣ ሳህኖቹን አዩ፣ ምንም አልጠየቁም። «ትንሽ እንጠብቅ» አሉና ባለ ጎማው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ወንበሩ ወደ ኋላ ተንሸራተተባቸው። ጋይንቴዋ ደንግጣ ያዘቻቸው። ቄሱ «ግድ የለም፣ መኪናዬም እንዲሁ ነው» አሉ።

ጸሎቱ ሊጀመር ሲል በሩ ተንኳኳ። ባለፀጉር ቤቷ ናት።

«ምን አፍጥጣችሁ ታዩኛላችሁ?» አለች ገና ከደጅ። «ጠላ ተጠምቋል ተብዬ ነው። ኢሚግሬሽን ቢመጣም ሳልጠጣ አልሄድም።»

ጋይንቴዋ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ባለፀጉር ቤቷ እንዳላየች ሆና ነጠላዋን ማስተካከል ጀመረች። «ሰው እያለ ፊት ከማዞር አንድ ብርጭቆ ቅጂልኝ እንጂ» አለቻት።

ከዚያ በኋላ የመጣ የለም። ቄሱ ጸለዩ፣ ዳቦውን ባረኩ። በላን፣ ጠጣን። ብዙ አልተጫወትንም፤ ባለፀጉር ቤቷ ብቻ ስለ ደንበኞቿ አወራች። ዘጠኙ ሳህን እንደ ተደረደረ ቀረ። ጋይንቴዋ አንዱንም አላነሣችውም፤ እኛም አንሺው አላልናትም።

መጨረሻ ላይ ቄሱ ጽዋውን በእጃቸው ይዘው ቆሙ።

«ተረካቢዋ ማን ናት?»

ተረኛዋ የልጁ አክስት ነበረች። እሷ ደግሞ አልመጣችም። ጽዋው እዚያው ከቀረ ሁለት ወር መቀመጡ ነው፤ ማኅበሩ በጋይንቴዋ ቤት ተበተነ ይባላል። የተበተነውም በእሷ ምክንያት ነው ይባላል። ባለፀጉር ቤቷ አየችኝ።

«እኔ ላንሣው» አልኩ።

«ተራሽ ነው?» አሉ ቄሱ።

«አይደለም።»

ትንሽ አሰቡና ሰጡኝ። ጋይንቴዋ እልል አለች፤ ብቻዋን፣ በዚያ ወንዝ ማዶ በሚጣራው ድምፅዋ። ከአንደኛው ቤት ሰው ወጥቶ አየን። በነጭ ጨርቅ የተሸፈነውን ጽዋ ታቅፌ አሳንሰር ውስጥ ገባሁ፤ ሁለት ፎቅ ነው፤ አብረውኝ የገቡ ሁለት ወጣቶች ሕፃን የያዝኩ መስሏቸው ቦታ ለቀቁልኝ።

ማክሰኞ አሌክሳንድሪያ ስገባ ሴትዮዋ ገና ኮቴን ሳላወልቅ ጠየቁኝ።

«ሄድሽ?»

«ሄድኩ።»

«በፊት በር?»

«አፓርትመንት ነው፤ ያለው በር አንድ ነው» አልኳቸው።

ሳቁ። ሲስቁ ያየኋቸው ጥቂት ጊዜ ነው። «ስንት ሰው መጣ?» አሉ። ሁለት አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና «ከእናቴ ይሻላል» ብለው መድኃኒታቸውን ጠየቁኝ።

ጥቂት ሳምንታት አለፉ። ማኅበሩ ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው ስልኬ ጮኸ። የልጁ አክስት ናት። ከጥቅምቱ ማኅበር ወዲህ ድምፅዋን አልሰማሁም ነበር። ስለ ጤናዬ ጠየቀችኝ፣ ስለ ጉልበቴ ጠየቀችኝ።

«ጽዋው የት ነው ያለው፣ እትዬ?»

«እኔ ቤት።»

«ተራው የእኔ ነበር።»

«ነበር። አልመጣሽም።»

ተቆጥታ ትዘጋዋለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አልዘጋችውም።

«ልጁ ደወለ» አለች። «ሌላ ስቴት ወስደውታል። ማቆያው ይበርዳል አለ። ጠበቃው ገና ነው ይላል፤ ሁልጊዜ ገና ነው። የምልክልህ ነገር አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩት።» ትንፋሿ ይሰማኛል። «ያቺ የጋይንት እኅታችሁ ለወንድሟ ትንገርልኝ አለኝ። ስሜን እንዳይረሱት አለኝ። ምንም አያውቅም እሱ። እኛ ያልነውን አያውቅም።»

«አልነገርሽውም?»

«ምን ብዬ ልንገረው?»

ማን እንደ ጠቆመው እስከ ዛሬ አላውቅም። ጠቋሚ መኖሩንም አላውቅም። ለአክስቲቱም ይህንኑ አልኳት፤ ሌላ የምሰጣት ነገር አልነበረኝም። ጋይንቴዋ ንጹሕ ናት ብዬ አልማልኩላትም። መሐላ ብጀምር ነገ ደግሞ ስለ ሌላዋ ይማሉልን እባላለሁ።

«እሷም ትመጣለች?» አለች በመጨረሻ።

«ማኅበርተኛ ናት።»

ከኋላዋ የካፊቴሪያው ሳህን ይንኳኳል፤ ከሥራ ቦታ ነው የደወለችው።

«በስንት ሰዓት ነው?»

«እንደ ወትሮው።»

«እሺ» አለችና ዘጋችው። ትመጣ እንደሆነ በዚያ እሺ ብቻ ማወቅ አይቻልም። ከቀሩት ውስጥ ስንቱ እንደሚመጣም አላውቅም። ስልኩን አስቀምጬ ቤቴን ዞር ዞር ብዬ አየሁት። ያለኝ ወንበር ስድስት ነው። የቀረውን ከጋይንቴዋ እዋሳለሁ።